ባሕር ያላየው ባና

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አብሮኝ ያለው ድምፅ ቀጂው ጓደኛዬ ብቻ ሲሆን ጓዛችን ግን የአምስት ሰው ይመስላል፤ ካሜራ፣ ካሜራውን ቁልቁል እንዲያይ አድርጎ የሚይዝ አናጺ የሠራልኝ የእንጨት መቆሚያ፣ በጋቢ የተጠቀለለ መስታወት፣ ሁለት ባለ ባትሪ መብራት፣ ድምፅ መቅጃ፣ ላፕቶፕ፣ አንድ ዶሴ ሙሉ ሥዕል። ረዳቱ መስታወቱን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩት። 130 ኪሎ ሜትሩን ጉልበቴ ላይ አቅፌው መጣሁ።

የምንሠራው የሰባት ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ድምፁ የእውነተኛ ሰው ድምፅ ነው፤ ምስሉ ደግሞ በእጅ የሚንቀሳቀስ አኒሜሽን። የሚናገሩት የእናቴ አክስት ናቸው። ቆብ ስለጫኑ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ተወልደው እዚያው 81 ዓመት ኖረዋል። ታሪኩ የታላቅ ወንድማቸው ነው። ወንድማቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘመቱ። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ በመርከብ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ውኃ ላይ ቆይተው ፑሳን ገቡ። እናታቸው የዚያን አገር ብርድ ሰምተው ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሠሩና ላኩላቸው። ባናው በበቅሎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ልጅየው ሄደዋል። ከወራት በኋላ ባናው በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ፊልም ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ግን ባለፈው ጥቅምት ላይፕዚግ ስሄድ ነው። በዚያች የጀርመን ከተማ በየዓመቱ የዘጋቢና የአኒሜሽን ፊልሞች ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ ከተጀመረ (በ1955 እ.ኤ.አ. ነው) ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ምሽት መስታወት ላይ በተበተነ አሸዋ ብቻ የተሠራ አጭር ሥራ አየሁ። ከሥር መብራት አለ፤ አሸዋው ሲሳሳ ብርሃን ይሆናል፣ ሲከማች ጨለማ። የሚናገሩት ሽማግሌ ፊታቸው አንዴም አይታይም። እሳቸው ሲያመነቱ አሸዋው ያመነታል። ከአዳራሹ ወጥቼ ብርዱ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አሸዋው አልነበረም። መንዝ ውስጥ በየቤቱ ስላለው የበግ ጠጉር ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 15። አንኮበር

ሌሊት የካሜራውን ባትሪዎች ብብቴ ሥር አድርጌ ነው ያደርኩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባትሪ በብርድ ሲያዝ ሙሉው ባዶ መስሎ ይጠፋል።

ወደ አንኮበር መውጣት በዕቅዳችን አልነበረም። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ቀንም ይበላል። ግን ላይፕዚግ ውስጥ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ያየሁት የታተመ ሥዕል አላስተኛ ብሎኝ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲልክ አንድ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ማርቲን በርናትዝ ይባላል። አንኮበርን፣ ቆላውን፣ መንገደኛውን፣ ገበያውን ሣለ። ሥዕሎቹ በ1852 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተሙ።

ዛሬ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ወደ አፋር ቆላ ተመለከትኩ። ሰውየው አልዋሸም። ተራራው እንደዚያው ነው፣ ገደሉም እንደዚያው። ሰዎቹን ግን ተራራው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለማሳየት ነው ያስቀመጣቸው፤ ትንንሽ ናቸው፣ ነጭ ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እሱ እርሳሱን ሲቀርጽ እርስ በርሳቸው ምን ተባባሉ? ማን ያውቃል። አልወቅሰውም፤ በዘመኑ ድምፅ የሚይዝ ዕቃ አልነበረም። ለእኔ ግን እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ሌላም ነገር አሰብኩ። እሱ ሸዋን የሣለው ሸዋን ላላየ ሰው ነው። እኔ ልሥል የተነሣሁት ባሕርን ነው፣ ከመንዝ ላልወጣች ሴት። የእሱን መንገድ ተገላቢጦሽ እየሄድኩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይህ ደስታ ሁለት ቀን ቆየ።

ጓደኛዬ የደወል ድምፅና ከቁልቁለቱ የሚጠራሩ እረኞች ቀዳ። ጾም ስለነበር ሽሮ በልተን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ጣርማ በር፣ መሐል ሜዳ

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ከሥራችን ነበር። ጣሊያን ለደሴው መንገድ ብሎ ተራራውን የሸነቆረበት ዋሻ አፍ እንኳ በግማሽ ተሸፍኗል። ጭላዳዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩትና ሸለቆውን የሞላውን ጉም ሃያ ደቂቃ ቀረጽኩ። ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ የተራራው ጫፍ ደሴት ይመስላል። "ባሕሩን አገኘሁት" አልኩት ጓደኛዬን። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበርና አልመለሰልኝም።

ከዚያ ከደሴው መንገድ ተለይተን በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርገን ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው፣ አቧራ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም። ማማን፣ ላሎን አልፈን ጌራ ምድር፣ መሐል ሜዳ ስንገባ መሽቷል። ያደርንበት ቤት መብራት ስለነበረ ሁሉንም ባትሪ ሞላን።

እሑድ፣ ጥር 17። መንደሩ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠብቀን ሄድን። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዘን ገባን። እማሆይ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ጉልበታቸውን ልስም ስል ቀና አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ።

"የእናትሽን ዓይን ነው ያየሁት። ይኸስ ልጅ ማን ነው?"

"አብሮኝ የሚሠራ ነው እማሆይ። ድምፅ ይቀዳል።"

"ይቀመጥ፣ ይቀመጥ። ብርድ በልቶታል።"

ቆሎ ቀረበ፣ የገብስ ጠላ ተቀዳ። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ ዶሴዬን ከፈትኩ። ሥልሳ ሁለት ሥዕል ነው፣ የሦስት ወር ሥራ። ስለ ዘመቻው ያገኘሁትን ፎቶግራፍ ሁሉ አይቼ ነው የሣልኩት፤ የመርከቡ ጭስ መውጫ፣ ገመዱ፣ ደረጃው ላይ ተሰልፈው የሚወጡት ወታደሮች፣ ሰማያዊው ውኃ። አንዱንም በግምት አልሣልኩትም። በዚህ እኮራ ነበር።

እማሆይ ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መርከብ ነው። ወንድምዎ የሄዱበት።"

"እኔ ያየሁት እንዲህ አይደለም።"

"እርስዎ አይተውታል እንዴ?"

"ሌት ሌት አየው ነበር እንጂ። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

ዝም አልኩ። ቀጥዬ የትናንቱን ጉም በላፕቶፑ አሳየኋቸው፤ ይህን እንኳ ይወዱታል ብዬ ነበር።

"ይህማ ጉም ነው። ጉም መች ይከብዳል? ባሕር ይከብዳል ብሎ ጽፏል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፑሳን ከተጻፉት ደብዳቤዎች አንዱ እዚህ ደርሶ የደብሩ መሪጌታ አነበቡት። ስለ ባሕር አንድ መስመር ብቻ ነበረበት፤ ውኃው ጀርባ አለው፣ ያነሣናል ያወርደናል የሚል። የ12 ዓመቷ ልጅ ይህን ሰማች።

"ጀርባ ያለው ነገር እኔ የማውቀው በግ ነው" አሉኝ። "ማታ ማታ በጎቹ ወደ ጉረኖ ሲገቡ በሩ ይጠብባቸዋል። የኋለኞቹ በፊተኞቹ ላይ ይወጣሉ። ጀርባው ይነሣል፣ ይወርዳል። ባሕር እሱ ነው አልኩ። ዳር የሌለው መንጋ።"

"መርከቡስ?"

"መርከቡ በቅሎዋ ናት። ባናውን የጫነችው። በበጎቹ ጀርባ ላይ ትሄዳለች።" በእጃቸው አሳዩኝ። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ እያለ ጉልበታቸው ላይ ተሻገረ።

ዶሴውን ዘጋሁት።

ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ አኒሜሽን የተማረ ሰው የማይረሳው አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1915 እ.ኤ.አ. ሉሲታኒያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ 1,200 የሚጠጋ ሰው ሲያልቅ ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። ዊንዘር ማኬይ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሁለት ዓመት ገደማ ደክሞ አሰጣጠሟን ሣለውና በ1918 እ.ኤ.አ. አሳየው። አኒሜሽንን ለእውነተኛ ታሪክ የምናውል ሰዎች ዘራችንን ከዚያ ነው የምንቆጥረው፤ ካሜራ ባልነበረበት ቦታ እጅ ገባ እያልን። እኔ ግን ቦታውን ስቼ ኖሯል። ከጅቡቲ ፑሳን ባለው መንገድ ላይ ካሜራ ነበር፤ ፎቶግራፉ አለ፣ እኔም የገለበጥኩት እሱን ነው። ካሜራ ያልደረሰበት ቦታ መንዝ ነው፣ በጎቿን አስገብታ የተኛች የ12 ዓመት ልጅ ራስ ውስጥ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ድምፅ መቅዳት ጀመርን። ማይክራፎኑን ፊታቸው ስናቆመው እማሆይ እንደ ምስክር ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ የሚናገሩት ሁሉ የደብዳቤ ቃል ሆነ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ ዘምቶ ተመለሰ።" በቃ። ጓደኛዬ ግማሽ ሰዓት ከታገለ በኋላ "እማሆይ፣ ሥራዎን አያስፈቱ፣ ይሥሩ" አላቸው። ማይክራፎኑን ወለሉ ላይ ጠጉር በሞላው ቅርጫት ጠርዝ ደበቀው።

የልጅ ልጃቸው ባለፈው የተሸለተውን ጠጉር በደጋን እየነደፈ ነበር። የደጋኑ ጅማት ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ወፍራም ነው፣ ሆድ ውስጥ ይሰማል። ቋጠሮው ጠጉር እየተፈታ ይነሣና ባዘቶ ይሆናል። እማሆይ ባዘቶውን ጠቅልለው አመልማሎ ያደርጉታል፤ ከዚያ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሹረው ይለቁታል። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ተፈታ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቀዳን።

ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ወንድምየው ሲመለሱ ግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ ይዘው መጥተዋል፣ አሜሪካ የሰጣቸውን። እማሆይ ከሣጥን አውጥተው አሳዩን። ጠርዙ ተበልቷል። ብል የበላው መስሎኝ ነበር።

"እኔ ነኝ የፈታሁት። ልጅ ሆኜ። የእነሱ ጠጉር እንዴት እንደተፈተለ ላይ ብዬ።"

"እንዴት ነበር?"

"እኩል ነው። ሁሉም ቦታ እኩል። እጅ የለበትም።"

ስለ ውጊያው ወንድማቸው አልነገሯቸውም። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያዊ በየተራ ወደዚያ ሄዶ ከ120 በላይ የሚሆነው አልተመለሰም፤ የእሳቸው ወንድም ከተመለሱት ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ተመላሽ ሁሉ ዝም ይሉ ነበር። የነገሯቸው ስለ በረዶው ብቻ ነው። "ሲወርድ አይሰማም አለኝ። ሲወርድ የማይሰማ ዝናብ አለ? ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም።" ይህን ሲሉ እንዝርቱ ቆመ። ከቀዳነው ሁሉ ይህቺን ዝምታ አልቆርጣትም፤ አራት ሰከንድ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ጓሳ

ጓደኛዬ ነፋስ ፈልጎ ወደ ጓሳ ወጣን። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ጠብቆታል፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ በልክ ይታጨዳል። ለእኛ ደግሞ ባሕር ሆነልን። ጓደኛዬ ማይክራፎኑን ከሣሩ ሥር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ አስገብቶ አዳመጠና ማዳመጫውን ለእኔ ሰጠኝ። ከሩቅ ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ያልፋል። ሌላ ድምፅ አንፈልግም።

ቀይ ቀበሮ አላየንም። እግሬ በርዶ ምሳ ሳንበላ ተመለስን።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ነገ አስተርእዮ ማርያም ነች፤ እማሆይ በበዓል ቀን ጠጉር አያስነኩም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሙከራ ዛሬ መጨረስ አለብን፤ አራት ሰከንድ። አንድ ሰከንድ በ24 ፍሬም፣ ማለትም በ24 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል፤ እኔ እያንዳንዱን አቀማመጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለማነሣ 12 አቀማመጥ ይበቃል። ለአራት ሰከንድ 48። ሙሉው ፊልም ከ5,000 በላይ ይሆናል። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጃቸው ፉጨት አወጣ፤ እማሆይ ግን አልደነቃቸውም። አንድ ባና ስንት እንዝርት ክር እንደሚበላ ያውቃሉ።

ቀን ላይ ጀምረን አበላሸነው። ደመና ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ይለዋወጣል፤ ፍሬሞቹ ሲያያዙ ምስሉ እንደ ታመመ ዓይን ይርገበገባል። እስኪመሽ ከመጠበቅ ብዬ መስኮቱንና በሩን በባና ጋረድኩ። ሁለት ባና ነበር ያስፈለገው፤ ቤቱ ውስጥ ጭላንጭል እንኳ አልቀረም። ከላይፕዚግ የገዛሁት ጥቁር መጋረጃ ይህን ያህል አይጋርድም።

መስታወቱን በሁለት በርጩማ መካከል አጋደምኩት፣ አንዱን መብራት ከሥር፣ አንዱን ከጎን። የበግ ጠጉር እንደ አሸዋ ታዛዥ አይደለም። አሸዋ የገፉት ቦታ ይቆያል፤ ጠጉር ይመለሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከመስታወቱ ጋር ሲፋተግ እየቆመ አስቸገረኝ፤ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ተኛ። ትንፋሽ ከነካው ደግሞ መንጋው ሁሉ ይበተናል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ድረስ ጠመጠምኩ፤ ማንቀሳቀስ፣ እጅን ማውጣት፣ ትንፋሽ መያዝ፣ መጫን። ማንቀሳቀስ፣ ማውጣት፣ መያዝ፣ መጫን። የሚያሳሳው ጠርዙ ነው። ብርሃኑ ከሥር ሲመጣ የጠጉሩ ዳር ዳሩ ይበራል፣ መሐሉ ይጨልማል፤ የሚነሣ ጀርባ ይሆናል። አሸዋ ይህን አይሰጥም።

ነጩንና ቡናማውን ለበጎቹ አደረግሁ፤ ለበቅሎዋ ጥቁር። አንድ ዶሮ ገብታ 17ኛው ፍሬም ላይ ልትወጣ ስትል ጓደኛዬ በክንፏ ያዛት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ 48ቱ አለቁ። አያይዤ ላፕቶፑን እማሆይ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

መንጋው ተነሣ፣ ወረደ፣ ጥቁሯ በቅሎ ተሻገረች። አራት ሰከንድ ፈጥና ታልፋለች።

"ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ስድስት ጊዜ አዩት፣ ከስክሪኑ ብርሃን በቀር ሌላ መብራት በሌለበት። በሰባተኛው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"ያቺ የኋለኛዋ ቸኩላለች። በግ ከፊቷ ያለችው ካልተነሣች አትነሣም።"

አየሁት። ልክ ናቸው። ከ29ኛው ፍሬም ጀምሮ የኋለኛዋ ጀርባ ሁለት ፍሬም ቀድማ ትነሣለች። ላይፕዚግ ማዕበል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ተምሬአለሁ፤ የመንጋ ሰዓት ግን ሌላ ነው።

"እንደገና እሠራዋለሁ እማሆይ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ይደርሳል።"

"በቅሎዋም ጉራች አልነበረችም። ግራጫ ነበረች።"

"ግራጫ ጠጉር የለንም እኮ።"

መልስ አልሰጡኝም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና በጨለማው ውስጥ ወደ ሣጥኑ ሄዱ። ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁት። ሲመለሱ የወታደሩን ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለውት ነበር። ተቀምጠው፣ ልጅ ሆነው ከፈቱበት ጠርዝ ላይ ክሩን መዘዙት፤ በሁለት ጣታቸው እያሹ አፍታቱትና አንድ ጭብጥ ግራጫ ጠጉር መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

ጥቁሯን በቅሎ ከመስታወቱ ላይ አነሣሁ። ግራጫውን በቦታዋ አኖርኩ፣ ባናውን በላይዋ። ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ። እማሆይም ከጎኔ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ፣ እንደ እኔ።